ጋሼ የሰጡኝ ግጥም

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የደወለችልኝ የትምህርት ቤት አውቶቡሴን አቁሜ ምሳዬን እየበላሁ ሳለ ነው። ልጆቹን ጠዋት አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ መሀል ያለው ሰዓት የእኔ ነው፤ ይህን የሚያውቅ የአገሬ ሰው ሁሉ ደግሞ ሥራ ፈት አድርጎ ይቆጥረኛል። ቤት የሚቀይር ይደውላል፣ ከኤርፖርት እንግዳ የሚቀበል ይደውላል፣ ለልጁ ሰርግ ማሲንቆ የሚፈልግ ይደውላል።

"አርቲስት፣ ቢዚ ነህ እንዴ?" አለችኝ።

ነርሷ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። እዚህ ያደገች ስለሆነች አንተ ብትለኝ አልቀየማትም፤ የማይመቸኝ አርቲስት ስትለኝ ነው። አባቴ አዝማሪ ነበር፣ አያቴም አዝማሪ ነበር፣ እኔም ማሲንቆዬን በጋቢ ጠቅልዬ ቶሮንቶ የገባሁ አዝማሪ ነኝ። አርቲስት የሚለው ስም አዝማሪ ማለት ስድብ ለሚመስላቸው ሰዎች የተፈጠረ ነው።

ነገሩን አስረዳችኝ። እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይላክለታል። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ጠርሙስና ቀጭን እንጨት አለ። ሰውየው በእንጨቷ ሰገራውን ነካ ነካ አድርጎ ጠርሙሷ ውስጥ ይከትና መልሶ ይልከዋል፤ ላቦራቶሪው ለዓይን የማይታይ ደም ካለ ያገኘዋል። የእኛ ሰዎች ግን ፖስታውን ወይ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል ወይ ይጥሉታል። በአማርኛ ብሮሹር አሳትመው ነበር፤ ያነበበው የለም። ስለዚህ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች በአንደኛው ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ አዛውንቱን ሰብስበው ምሳ ሊያበሉ፣ እኔ ደግሞ ምክሩን በማሲንቆ ልዘፍንላቸው ታስቧል።

የመጀመሪያ መልሴ እምቢታ ነበር። ሙሽራ ሳሞግስ የኖርኩ ሰው አሁን ሰገራ ላሞግስ ነው ወይ አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ከዚያ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ምሳዬን ወደ ጎን አድርጌ እሺ አልኳት።

ጋሼ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ገቡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዱ፣ ሚስታቸውን እዚሁ ቀበሩ። አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ ትኖራለች። እኔ ስመጣ በዚህ ከተማ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ክረምት የተኛሁት የእሳቸው ሶፋ ላይ ነው። የክረምት ጫማ የገዙልኝም፣ የመጀመሪያውን ሰርግ ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው።

ደግሞም በቶሮንቶ ከእሳቸው የተሻለ ግጥም የሚሰጥ ሰው አላውቅም። ለማያውቅ ልንገር፦ አዝማሪ እየዘፈነ ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ "ተቀበል" ካለው፣ የሚሰጠውን ግጥም ስንኝ በስንኝ እየተቀበለ በዜማ መመለስ አለበት። ውዳሴም ይሁን ስድብ፣ ስድቡም በራሱ በአዝማሪው ላይ ቢሆን፣ መምረጥ የለም። አባቴ ግጥም የሚመርጥ አዝማሪ እንጀራ ከሚመርጥ ለማኝ አይሻልም ይል ነበር። እኔም አንድም ግጥም አልቀበልም ብዬ አላውቅም።

ከነርሷ ስልክ አራት ወር ቀደም ብሎ የጋሼ ሽንት ቤት ውኃ አልወርድ አለና የሕንፃው ጠጋኝ ስለዘገየባቸው እኔን ጠሩኝ። መሣሪያዬን ይዤ ገብቼ ክዳኑን ሳነሣ ደም አየሁ። ጥቂት አልነበረም። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነው።

ኪንታሮት ነው አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝና ለማንም እንዳልናገር፣ ለልጃቸውም፣ ለባለቤቴም፣ በእናቴ አጽም እንድምል ጠየቁኝ። እናቴ ከሞተች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ምን ላድርግ፣ ማልኩላቸው። ከዚያ ሽንት ቤቱን ጠግኜ፣ እጄን ታጥቤ፣ የሰጡኝን ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄድኩ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አገር ቤት ወሬ እናወራለን፤ ያንን ግን አናነሣም። ቀበቷቸው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ከወር በኋላ ሌላ ቀዳዳ በምስማር በሱለት። ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው መስኮት የሚያዩ ይመስላሉ፤ የሚያዩት ነገር እንደሌለ እናውቃለን፣ እሳቸውም እኔም። ክብደት ቀነሱ እንዴ ለማለት እንኳ አልደፈርኩም። ታላቅ ሰው ስለ ሽንት ቤቱ አይጠየቅም። እኔ እንዲህ ነው ያደግሁት፤ አድጌም አልተሻለኝም። ፈራኋቸው ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ማፈሬ ነው።

ዘፈን ግን ሌላ ነው። በዘፈን ለሁሉም ተብሎ ለአንድ ሰው ይነገራል፤ የአዝማሪ ሥራው ራሱ ይህ ነው። መሐላዬን ሳልሰብር ለጋሼ የምነግርበት መንገድ አገኘሁ ብዬ ነው ለነርሷ እሺ ያልኳት። ለሕዝብ ጤና አስቤ ነው ብል እዋሻለሁ።

ግጥሙን ስሠራ ከነርሷ ጋር ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። እንዳይቀሩ ያለቻቸውን ቃላት ጽፋ ላከችልኝ፤ አንደኛው ስክሪኒንግ ነበር። ከስክሪኒንግ ጋር ቤት የሚመታ ቃል ያገኘ አዝማሪ ካለ ማሲንቆዬን እሸልመዋለሁ አልኳት። ሰገራ የሚለው ቃል መግባት አለበት ስትል ደግሞ ፊት ለፊት ቄስና አሮጊት ተቀምጠው አይሆንም፣ ፖስታ ካልኩ ሁሉም ይገባዋል ብዬ ጸናሁ። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነገረችኝ፦ ፖስታው ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው፤ ደም የሚያይ ሰው ፖስታ ሳይጠብቅ ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ደም የሚያይ ሰው ብዙ ቢቆይስ ብዬ ጠየቅኳት። ምን ያህል ስትለኝ፣ እንዲያው ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ጋሼን ከዌስተን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ከረባት አስረዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷቸው አንገታቸው ውስጡ ጠፍቷል። ባለቤቴ ቀድማ ከሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ በአውቶቡስ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ምሳ ታቀርብ ነበር። ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ጥግ ላይ ባለ ጠረጴዛ ላይ ፖስታዎቹ ተደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ በሩቁ እያለፈ ያያቸዋል እንጂ አይጠጋቸውም። ነርሷ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያቀላቀለች ተናገረች፤ ተጨበጨበላት፤ ፖስታዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው።

እኔ የማሲንቆዬን ጭራ ሙጫ አስነካሁና ጀመርኩ። መጀመሪያ አዛውንቱን አሞገስኩ፣ ምሳ ያበሰሉትን አሞገስኩ፣ ከዚያ ወደ ነገሬ ገባሁ።

ፖስታ መጥቶላችሁ፣ አትጣሉት ጓዳ፣
በሽታ ደጅ አይቆምም፣ እንደ ደህና እንግዳ።

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። አንዲት እናት ተነሥታ ሄዳ ፖስታ አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላዋ ተከተለቻት። ነርሷ በደስታ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እኔ ግን የማየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን ጋሼን ነበር፤ እየዘፈንኩም ዓይኔን ከእሳቸው አላነሣሁም። ጥፋቴ እሱ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግጥም ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስንኝ ወዴት እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፊታቸው ጠቆረ። በዝግታ ተነሥተው ቆሙ።

"ተቀበል" አሉኝ።

እሺ ጌታዬ አልኩ፤ እንዲህ ነው የሚባለው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ፤ ሁለተኛውን ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።

ምን በላህ የሚለኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ጠፍቶ፣
ምን አወጣህ አለኝ፣ ሐኪም ደጄ መጥቶ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ሳቁ እየቆየ ተለወጠ። ብቻቸውን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ እዚያ፤ ልጆቻቸው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደውሉላቸው፣ ማታ ማታ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያወሩ። ግጥሙ የገባው እነሱ ሆድ ውስጥ ነው። ድገመው፣ ድገመው አሉ። እኔም ደገምኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሳምሬ ደገምኩት። ጥሩ ግጥም ሲሰጠኝ ድምፄ በራሱ ይከፈታል፣ እጄም ይለሰልሳል፤ ለማሳነስ ብሞክርም አልችልበትም። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ሽማግሌዎቹ አብረውኝ ይዘፍኑ ነበር። ያቺ መጀመሪያ ፖስታ ያነሣችው እናት ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ከቦርሳዋ አውጥታ መለሰችው። ሁለተኛዋም እንደዚያው አደረገች።

ነርሷ ወደ ጎኔ መጥታ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ከፍጥነቱ የተነሣ አምልጧት ነበር። ኋላ እነግርሻለሁ አልኳት። ጋሼ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ትከሻቸውን እየመቱ ያደንቋቸዋል፤ እሳቸው ግን አይስቁም። ፊታቸው ላይ ላብ አለ። አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው።

ያኔ ፈራሁ። እውነተኛ ፍርሃት ማለቴ ነው። ይህ ሰው ሊሞት ነው፣ እኔም ሞቱን በዜማ አጅቤለት ልሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። ምሥጢራቸውን አውጥቼ ብዘፍነው ያድናቸው እንደሆነ አላውቅም፤ በስልሳ ሰው ፊት እንደማዋርዳቸው ግን አውቃለሁ፤ መሐላም አለብኝ። ዝም ብዬ ብጨርስ ደግሞ ያ ግጥም የመጨረሻው ቃል ይሆናል። ማሲንቆው እየጮኸ ነው፣ ሰው ይጠብቃል፣ ጊዜ የለኝም። ሳላስበው ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

ለናንተ ስዘፍን፣ የራሴን ደብቄ፣
ደሜን እያየሁ ነው፣ በሐፍረት ታንቄ።

ጭብጨባው መሀል ላይ ቆመ። ወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ሳህን ወደቀ፤ ማን እንደጣለው ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ናት። ማሲንቆውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና አንድ ፖስታ አነሣሁ።

ነርሷ ፖስታውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ደም ካየህማ ይሄ ላንተ አይደለም፣ ነግሬህ የለ እንዴ፤ ዶክተር ነው ማየት ያለብህ። ማክሰኞ ጠዋት በፈረንጅ አስር ሰዓት ቡክ አድርጌሃለሁ፣ ካንስል ማድረግ የለም" አለችኝ። ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ከኋላዬ ሴቶቹ እያለቀሱ ፖስታ ያነሣሉ። ወንዶቹም ተከተሉ። አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱም እንዲሆን ሁለት ወሰደ። ከጠረጴዛው ላይ አምስት ወይም ስድስት ነው የቀረው።

ጋሼ ግን አልወሰዱም። ዞሬ ሳይ ወንበራቸው ባዶ ነው። መኪናዬን ሳይጠብቁ በአውቶቡስ ሄደዋል አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። የትምህርት ቤቱን ልጆች ልወስድ የቀረኝ አርባ ደቂቃ ነበር። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። ዓይኔን መብራቱ ላይ ተከልኩ። "ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ፤ እኔ ከስልሳ ሰው ጋር እኩል ልስማ?" አለችኝ። ውሸት ነው፣ ደህና ነኝ ብላት የማን ነው ትለኛለች፤ ባለቤቴን አውቃታለሁ፣ ሳታወጣው አትተወኝም። ለባለቤቴም ጭምር እንዳልናገር በአጽሟ የማልኩባት እናቴ መቃብር ውስጥ ናት። ስለዚህ እያለቀሰች አየኋትና መኪናውን ነዳሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ራሴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

እስከ ማክሰኞ ያሉት አምስት ቀናት አለቅ አሉ። ስልኬ አላረፈም። እግዚአብሔር ይማርህ የሚል፣ የሚያውቀውን ቅጠል የሚነግረኝ፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ በር ላይ አስቀምጦ የሚሄድ። ለሚመጣው ወር ሰርግ የቀጠረኝ ሰው ደውሎ አንተ አሁን ማረፍ አለብህ፣ ዲጄ ይዘናል አለኝ። በሽታው ሳይኖረኝ የበሽተኛ ኑሮ ጀመርኩ። ባለቤቴ ምግቤ ውስጥ ጨው መጨመር አቆመች፤ ማን እንዳዘዘላት አላውቅም። ለጋሼ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እደውላለሁ፤ አያነሡም።

ሰኞ ልጆቹን አድርሼ በቀጥታ ዌስተን ሄድኩ። ቆይተው ከፈቱልኝ፤ ግባ ግን አላሉኝም። በሩን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። በገዛ ራሴ ላይ እንዳሟረትኩ፣ የሌለ በሽታ የጠራ ሰው ከጠራው ጋር እንደሚኖር ነገሩኝ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

"ሚስትህን አስለቀስክ። ሂድና ውሸት ነው በላት" አሉኝ።

"ውሸት ነው ካልኳት የማን ነው ትለኛለች፣ ጋሼ።"

ከኋላቸው ሶፋው ይታየኛል፤ ላዩ ላይ ብርድ ልብስና ትራስ አለ። ከመኝታ ቤት ወደዚያ የመጡት ለሽንት ቤቱ ስለሚቀርብ መሆኑ ገባኝ። ነገ አስር ሰዓት ላይ ሐኪም ዘንድ እንደምገባ፣ ገብቼ ምን እንደምል እንደማላውቅ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉት። በዝግታ ነው የዘጉት፤ ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ለአስር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጀምሮ እኔና ባለቤቴ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። እጄን በሁለት እጇ ይዛለች። ሐኪሙ ዘንድ ስገባ የሌላ ሰው ነው ልበል፣ ወይስ ደህና ነኝ ብዬ ልውጣ፣ ወይስ መሐላዬን ልብላ፤ ሌሊቱን ሁሉ ሳገላብጠው አድሬ አንዱንም አልመረጥኩም። አስር ሰዓት ሆነ። ነርሷ ከውስጥ ወጥታ ስሜን ጠራች። ባለቤቴ ተነሣች፤ እኔ ግን አልተነሣሁም።

የውጪው በር ተከፈተና ጋሼ ገቡ። ለሰርግ ብቻ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰዋል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እዚያ ድረስ ያለው መንገድ አድክሟቸው በሩን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ነርሷን አዩ፣ ከዚያ ባለቤቴን አዩ፤ እኔን አላዩም።

"ደም የሚያየው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ" አሉ። "የኔን ሐፍረት ተሸክሞልኝ ነው።"

ባለቤቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተቀመጠችና በቡጢ ትከሻዬን መታችኝ፤ ደገመችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ምግቤ ላይ ግን ጨው ተመለሰ። ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ የጋሼን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። እሳቸው በሩ ላይ ቆም ብለው ና አሉኝ። ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቃቸው በእንግሊዝኛ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብለው መለሱ። እኔ አራት ወር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ መፍጠኑ ራሱ አስፈራን። በቀጣዩ ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው በካሜራ አንጀታቸውን አዩላቸው። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ምስል አነሡ። ልጃቸው ከካልጋሪ መጥታ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ የምንቀርብ ቀን ግን ከሥራዋ አንድ ወረቀት ለማስተካከል ስለዘገየች አብሬያቸው የገባሁት እኔ ነበርኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ይናገራል። እጢው ካንሰር መሆኑን፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ መውጣቱን፣ ቆርጠው እንደሚያወጡትና ከዚያ መድኃኒት እንደሚከተል ነገረን። ተስፋ አለን አለ፤ ቃል ግን አልገባም። ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ያዳምጣሉ። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ከአራት ወር በፊት መጥቼ ቢሆንስ? ሐኪሙ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው። እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ያኔ ግን ሳይቀል አይቀርም ነበር አላቸው። የቀዶ ጥገናውን ቀን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ጠብቁኝ ብሎን ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። የጠየቁት ቁጥር የየትኛው ቀን እንደሆነ ገብቶኛል። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብለው የራሳቸውን ጊዜ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ የጠየቁት የእኔን ነው። ይስደቡኝ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ከሶፋቸው ላይ የተነሣሁ ሰው፣ ጫማ የገዙልኝ ሰው፣ ደማቸውን አይቼ ሻይ ጠጥቼ የሄድኩ ሰው ነኝ።

"አራት ወር ሙሉ ስታከብረኝ ከረምክ" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟቸው ነበር። "እኔም መከበር ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ከእንግዲህ ግን አታክብረኝ፤ ጠይቀኝ።"

እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ እሺ አልኳቸውም። ግን እሺታው አየር ላይ ቀረ፤ እሳቸው አሁንም እያዩኝ ነበር፣ እየጠበቁ። በስልሳ ሰው ፊት ስለ ራሴ አንጀት የዘፈንኩ ሰው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ።

"ዛሬ ጠዋትስ ደም ነበረ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ነበረ" አሉኝ። "ከትናንቱ ይበዛል።"